በእስክሪብቶ ቀፎ የተላከች ጢንዚዛ

ጥቅምት 4

ለእትዬ፣

ካንቺ ናፍቆትና ከሥራ አስኪያጃችን በስተቀር ደህና ነኝ። ናፍቆትሽን ለምጄዋለሁ፣ ሰውዬውን ግን እስካሁን መልመድ አልቻልኩም።

በመጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅሽ። ባለፈው "ምንም አዲስ ነገር የለም" ብዬ የጻፍኩልሽ ውሸቴን ነው። አንቺ ነገሩን ሳትሰሚው መደንገጥ ስለምትጀምሪ ዝም ብል ይሻላል ብዬ ነበር። እኔ ደግሞ መች ዝም ማለት እችልበታለሁ? "ነፍሳት ምን ይበላሉ?" ብዬ ስጠይቅሽ "ምን ነካሽ?" ያልሽኝ ጥያቄ መልሱ ይኸውልሽ፦ ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኛል።

ሃያ ሁለት ዓመት በጠበቅሁት፣ ያ ምድር ቤት ባለው መዝገብ ቤት ውስጥ፣ ከኋለኛው ግድግዳ ጋር የተደረደሩት ፋይሎች ጠርዛቸው ጠቁሮ ተገኘ። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወርዶ አንዱን ቢገልጥ፣ ጥቃቅን ጢንዚዛዎች ወዲያና ወዲህ ተበተኑ። ከዚያ በኋላ ማን ይስማኝ። ወረቀቱ ቃል በቃል እንዲህ ይላል፤ "ሠራተኛዋ በሥራ ቦታ በመመገብ ተባይ እንዲራባ ስላደረገች የደንበኞች ፋይል ለጉዳት ተዳርጓል።" ከሥሩ "ጥፋቴን አምኛለሁ" የሚል መስመርና ለፊርማዬ የተተወ ቦታ አለ። ከፈረምኩ በገዛ እጄ ተሰናበትኩ ማለት ነው። ካልፈረምኩ ጉዳዩ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ይሄዳል።

አልፈረምኩም።

እትዬ፣ እኔ ዳቦዬን የምበላው ውጭ ደረጃው ላይ ነው። መዝገብ ቤት ውስጥ አንዲት ፍርፋሪ ጥዬ አላውቅም፤ አንቺ እኮ ታውቂኛለሽ፣ ቤቴ ውስጥ እንኳ ስበላ ፍርፋሪውን በእጄ መዳፍ ነው የምቀበለው። ግድግዳው ግን ርጥብ ነው። ርጥበቱ የጀመረው አምና ነው፤ ልክ ከበላዩ ለሥራ አስኪያጁ የግሉ መታጠቢያ ቤት በተሠራ በወሩ። ይህንን ስናገር ሰውዬው ሳቀብኝ። "የውሃ ቢሮ ውስጥ ውሃ ያፈሳል ብለሽ ለማን ልትነግሪ ነው?" አለኝ። ምን ላድርግ፣ እውነትም የውሃ ቢሮ ነን።

ከጢንዚዛዎቹ ሁለቱን በፕላስተር እዚህ ደብዳቤ ላይ ለጥፌልሻለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት በነፍሳት ስብስብ ክፍል ነፍሳት በመርፌ ስትሰኪ ኖረሻል። እስቲ ይህቺ ማን እንደሆነችና ምን እንደምትበላ ንገሪኝ።

ሬዲዮሽ


ጥቅምት 19

ለሬዲዮ፣

ደህና ነኝ። እናታችን ይህንን ስም ያወጣችልሽ በከንቱ አይደለም፤ ስድስት ገጽ ጽፈሽ ጢንዚዛዋን ለፖስታ ቤት ማኅተም ዳረግሻት። የደረሰኝ ዱቄት ነው። ዱቄት ስም የለውም።

አሁን የምልሽን አድርጊ። ያለቀ እስክሪብቶ ፈልጊና ቀለሙን አውጥተሽ ቀፎውን አድርቂው። አንዱን ጫፍ በጥጥ ድፈኚ፣ ጢንዚዛዎቹን አስገቢና ሌላውንም ድፈኚ። ፖስታው ውስጥ ሳይሆን በካርቶን ጠቅልለሽ ላኪው። ከዚያ በትንሽ ወረቀት ላይ አራት ነገር ጻፊ፦ የት፣ መቼ፣ ምን ላይ፣ ማን እንዳገኛት። እኛ ዘንድ ወረቀት የሌላት ጢንዚዛ ከቆሻሻ አትለይም። አንቺ የመዝገብ ሰው ስለሆንሽ ይህ አይጠፋሽም።

ያላጠፋሽውን አትፈርሚ። ስለ እኔ አትጨነቂ፤ የሥራ ብዛት ካልሆነ ምንም የለብኝም።

ታላቅሽ


ጥቅምት 30

ለእትዬ፣

እንዴት ከረምሽ? እኔ ከፋይሎቼ ጋር ተፋቅረን አለን።

እንዳልሽው አደረግኩ። አራት ጢንዚዛዎች በሰማያዊ እስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ እየመጡልሽ ነው። የቀፎውን ቀለም ለማድረቅ ስነፋ አፌ ሰማያዊ ሆኖ ዋልኩ፣ የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ልቧ እስኪጠፋ ሳቀችብኝ። ወረቀቷን አይተሻት ይሆናል፤ "መዝገብ ቤት፣ ኋለኛው ግድግዳ፣ ልስኑ ላይ፣ ጥቅምት 28 ከጥዋቱ ሦስት ሰዓት፣ እኔው ራሴ" ብያለሁ። ሰዓቱን ማንም አልጠየቀሽም እንዳትዪኝ፤ እኔ ወረቀት ስጽፍ አጉድዬ አላውቅም።

ምን ታህላለች ብትዪኝ፦ የአራት ነጥብ አንዷን ነጥብ። ይህ ዓረፍተ ነገር ሲያልቅ እዪው፣ ልክ እሷን ታህላለች። ቀለሟ የሻይ ነው። ጀርባዋ ላይ በመስመር የተደረደሩ ጉድጓዶች ያሉ ይመስለኛል፤ የሒሳብ ሹሙን የማንበቢያ መነጽር ተውሼ ነው ያየሁት። እሱ ደግሞ አጠገቤ ቆሞ "አሁን ይህቺ ናት ይህን ሁሉ ፋይል የበላችው?" ይለኛል። እኔም፣ ከበላችው ሆዷ የት አለ፣ አልኩት።

ሥራ አስኪያጁ በየሁለት ቀኑ ይወርዳል። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጥና እስክሪብቶ ያቀብለኛል፤ በትሕትና ነው ደግሞ። እኔም በትሕትና እስክሪብቶውን እመልስለታለሁ። ትናንት "ሃያ ሁለት ዓመት አገልግለሽ በአንዲት ፊርማ ነገር ታበላሻለሽ?" አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገልኩት እንዲህ ያለች ፊርማ ላለመፈረም ነው አልኩት። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። ግን ብያለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ምነው ፊደልሽ እንደ ሱቅ ማስታወቂያ ተለቀ? ድሮ አንድ ገጽ ላይ የምትጨርሽውን አሁን ሦስት ገጽ ፈጀሽበት።

ሬዲዮሽ


ኅዳር 11

ለሬዲዮ፣

አራቱም በሰላም ደርሰዋል። ሰዓቱን ማንም አልጠየቀሽም።

ተራዋ ሻጋታ በሊታ ጢንዚዛ ናት። በየርጥብ ግድግዳው የምትገኝ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያት። ዳቦ አትበላም፣ ወረቀትም አትበላም፤ የምትበላው ሻጋታውን ነው። ሻጋታ ደግሞ ያለ ውሃ አይበቅልም። እሷ ካለች ግድግዳሽ ርጥብ ነው ማለት ነው፣ ነገሩ ይኸው ነው። ፋይሎችሽን ያጠቆራቸው ውሃው እንጂ እሷ አይደለችም።

ፊደሌን በተመለከተ፣ እስክሪብቶው ነው።

ታላቅሽ


ኅዳር 20

ለእትዬ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ወረቀቱን ሳምኩት። ከዚያ ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ።

ማን ማን አለበት ብትዪኝ፦ ሦስት ናቸው። ሰብሳቢዋ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ናት፤ ክፉ አይደለችም፣ ወረቀት ካላየች ግን ፀሐይ መውጣቷን አታምንም። የሠራተኛው ተወካይ ሽማግሌው ቆጣሪ አንባቢያችን ነው። ሦስተኛዋ የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ናት፣ እሷ በሩን እያየች ነው የምትናገረው።

አንቺ የጻፍሽውን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። "እህቴ በነፍሳት ስብስብ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች፣ በማይክሮስኮፕ አይታ ነው የጻፈችው" አልኳቸው። ሥራ አስኪያጁ "እህት ለእህት የጻፈችው ነው እንዴ ማስረጃ የሚሆነው?" አለ። እኔም ደብዳቤሽን አጥፌ ወደ ፖስታው መለስኩት።

ሰብሳቢዋ እስከ ታኅሣሥ 10 ቀጠሮ ሰጠችኝ። ያንኑ ቃል በመሥሪያ ቤትሽ ወረቀት፣ ፊርማና ማኅተም አድርገሽበት እንድትልኪልኝ ነው። ካልመጣ በተጻፈብኝ ክስ ይወስናሉ፣ ያውም መሰናበት ነው።

እንግዲህ እትዬ፣ እጅሽ ላይ ነኝ። አንዲት ገጽ። እንደ ሱቅ ማስታወቂያም ቢለቅ ግድ የለኝም።

ሬዲዮሽ


ኅዳር 28

ለእህቴ፣

ይህንን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ።

አላየኋትም። ያለፈውን ደብዳቤዬን መልሰሽ ብታነቢው "አየኋት" የሚል ቃል የለበትም። እሷን ቃል ዘልዬ ራሴን ሳታልል ከረምኩ። የግራ ዓይኔን ሞራ ከሸፈነው ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ቀኙም ተከተለው። የላክሻቸውን ማይክሮስኮፑ ሥር አስቀመጥኳቸው፤ ያየሁት አራት የሻይ ጠብታ ነው። ስለዚህ አንቺ የጻፍሽልኝን መጠን፣ ቀለምና ቦታ ይዤ ገመትኩ። ርጥብ ግድግዳ ላይ ሁልጊዜ የምትገኘው ያቺ ተራዋ ስለሆነች፣ እሷ ናት አልኩ። በሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ አድርጌ አላውቅም። ላንቺ ስለሆነ አደረግኩት፣ ላንቺ ማድረጌ ደግሞ ይባስ አሳፈረኝ።

እዚህ የሚያውቅ የለም። ትልልቆቹን ቢራቢሮዎች ካላደራጀሁ እያልኩ ትንንሾቹን እሸሻለሁ። ለሐኪም ያልሄድኩት "ጡረታ ውጪ" እንዳይሉኝ ነው።

ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ አልፈርምም። ማኅተምም አላስመታም። አንቺ ላይ የሚመጣውን አውቃለሁ፣ እያወቅሁም አልችልም። ይቅርታ አድርጊልኝ ለማለት እንኳ አፌ አይደፍርም።

ታላቅሽ


ታኅሣሥ 12

ለእትዬ፣

አንድ ቀን ሙሉ ተቆጥቼሻለሁ። ቁጣዬ እንዳይቀርብሽ ብዬ ነው የምነግርሽ። ድስት ስፈገፍግ እንኳ ካንቺ ጋር እጨቃጨቅ ነበር። በማግስቱ ጠረጴዛዬ ላይ ያቺ ያልፈረምኳት ወረቀት ተቀምጣ አየኋት። ለካ አንቺ ያላየሽውን አልፈርምም አልሽ፣ እኔም ያላጠፋሁትን አልፈርምም አልኩ። ከአንድ ቤት ሁለት ግትር ወጥቶ በማን ይፈረዳል?

እንግዲህ ስሚኝ። እኔ ዓይን አለኝ። ማኅተም ካልመጣ ራሷ ጢንዚዛዋ ትመስክር ብዬ ተነሣሁ።

በዚያው ቀን ክዳን ያለው የመስታወት ሳህን ከቤቴ አመጣሁ። ባንደኛው ወገን የዳቦ ፍርፋሪ፣ መሃል ላይ ንጹሕ ወረቀት፣ በሌላው ወገን ከግድግዳው የፈለፈልኩትን የሻገተ ልስን አስቀመጥኩ። አሥራ ሁለት ጢንዚዛዎች ቆጥሬ መሃል ላይ ለቀቅሁ። ከዚያ ሳህኑን ይዤ ሰብሳቢዋ ዘንድ ወጣሁና ክዳኑን በፕላስተር እንድታሽገው፣ ላዩ ላይ እንድትፈርምበት፣ የራሷ ቁም ሣጥን ውስጥ እንድትቆልፍበት ለመንኳት። "ምንድን ነው ይሄ?" አለችኝ። ምስክሮቼ ናቸው አልኳት። አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ ፈረመች። ፊርማ መሆኑን ስታይ ደስ አላት መሰለኝ።

ታኅሣሥ 10 እሽጉ ኮሚቴው ፊት ተከፈተ። አሥራ አንዱ ሻጋታው ላይ ተኮልኩለዋል። አሥራ ሁለተኛዋ ክዳኑ ላይ ተንጠልጥላለች፤ እሷ በኛ ወጥታ ነው። ፍርፋሪው እንዳለ አለ። ወረቀቱ ላይ የጥርስ ምልክት የሚባል ነገር የለም፤ ሰብሳቢዋ ወደ መስኮቱ ይዛው ሄዳ በብርሃን አየችው።

ሥራ አስኪያጁ "ዳቦው ደርቆባቸው ይሆናላ" አለ።

ቆጣሪ አንባቢው "እስቲ አንተ በሻይ ነክረህ አቅርብላቸው" አለው። ጸሐፊዋ አፏን ያዘች።

ደብዳቤሽን ግን ጠየቁኝ። ወረቀቱ የታለ አሉኝ። ውሸት አልተናገርኩም። "እህቴ ያላየችውን አልፈርምም ብላለች፣ ባለፈው አይታ ነው ያልኩት የኔ ስህተት ነው፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰረዝልኝ" አልኩ። ያኔ አለቀልኝ ብዬ ነበር። ሽማግሌው ግን ሰብሳቢዋን ቀስ ብሎ፣ "ለራሷ የማይጠቅማትን እየነገረችን እኮ ነው" አላት።

ከዚያ ተነሥቶ ወረደ፣ ሁላችንም ተከተልነው። ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ላይ ቧንቧ ይከፈትልኝ አለ። ሥራ አስኪያጁ የመታጠቢያ ቤቱ ቁልፍ ጠፍቷል አለ። ሽማግሌው ጆሮውን ሳያነሣ "ግድ የለም፣ ሳይከፈትም ይሰማኛል" አለ። ሰብሳቢዋ ያንኑ በቃለ ጉባኤ ጻፈችው። ሰኞ ግድግዳው ይከፈታል።

አሁን ወዳንቺ። ለሐኪም ካልሄድሽ መጥቼ እጅሽን ይዤ እወስድሻለሁ፣ መንገዱን ሙሉ ደግሞ አወራልሻለሁ። ሞራ ይገፈፋል። ጡረታ የሚያስወጣሽ መታከምሽ ሳይሆን መደበቅሽ ነው። መርጠሽ ጻፊልኝ።

ሬዲዮሽ


ጥር 25

ለሬዲዮ፣

መንገዱን ሙሉ ከምታወሪልኝ ብዬ ሄድኩ። የግራው ተገፈፈ። ቀኙ ቀጠሮ ተይዞለታል። ለኃላፊዬም ነገርኩት፤ "እኔማ ቢራቢሮ ስለወደድሽ መስሎኝ" አለኝ። ሁለት ዓመት የፈራሁት ይኸው ነው።

ግድግዳው ሲከፈት ስለሆነው የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የተሰነጠቀው ቧንቧ ሳይሆን፣ ከግድግዳው ውስጥ የሥራ አስኪያጁ ሳሙና ሽታ መውጣቱ ነው ያሳቀኝ። ዓይኔ እንዳይጎዳ አትሳቂ ተብዬ ነበር።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ፋሻው በተነሣልኝ በሳምንቱ መጀመሪያ ያየሁት ያንቺን አራቱን ነው። ተሳስቼ ነበር። ተራዋ አይደለችም። ተራዋ አንቴናዋ ጫፍ ላይ ሦስት እንክብል አላት፤ ያንቺዋ ሁለት ብቻ ናት ያላት። መሳቢያ ሙሉ ፈልጌ እህቶቿን ያገኘሁት ሁለት ብቻ ነው፦ አንዷ ከባሕር ማዶ ወደብ፣ ከጨው መጋዘን፣ ሌላዋ ከሩቅ ደሴት፣ ከአንድ ቤት ጓዳ። የተያዙበት ጊዜ በስልሳ ዓመት ይራራቃል። መጽሐፋችን ስለእሷ ያለው ስድስት መስመር ነው፤ መጨረሻው "በብዙ አገር ሳትኖር አትቀርም፣ ልብ ብሎ ያያት ግን ጥቂት ነው" ይላል። የምትበላው ምን እንደሆነ ግን አንድም መስመር የለም። ያንቺ ሳህን ነው የመጀመሪያው። ስለዚህ ቀኑን፣ ቁጥሩን፣ የተቀመጠችበትን ቦታ አሟልተሽ ላኪልኝ። ሰዓቱንም ጨምሪ።

ስህተቴን ለኮሚቴያችሁ በጽሑፍ አሳውቄያለሁ፣ ከነፊርማዬ። ይህንን ግን አይቼ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። መርፌዋ ላይ ለምትሰካው ወረቀት ኃላፊዬ "ያገኘቻት፦ አንዲት የቢሮ ሠራተኛ" ብለሽ ጻፊ አለኝ። እምቢ ብያለሁ። አንቺ እንዴት ይጻፍ ትያለሽ?

ታላቅሽ


የካቲት 9

ለእትዬ፣

ስድስት መስመር ብቻ? እኔ እኮ ስለእሷ ሃያ ገጽ ጽፌልሻለሁ። መጽሐፉን የጻፈው ሰው ደብዳቤ ይጻፍልኝ።

የሳህኑን ዝርዝር በሁለት ገጽ አያይዤልሻለሁ፣ ሰዓቱ አለበት። ደብዳቤሽን ሳነብ ግን ፊደልሽ ድሮ ወደነበረበት መመለሱን አየሁና የጥቅምቱን ደብዳቤሽን አውጥቼ አጠገቡ ዘረጋሁት። ይሄንን እዚህ ላይ ልተወው።

ማስጠንቀቂያው የት ደረሰ ብትዪኝ፦ ኮሚቴው ነጻ ነሽ ብሎ ደብዳቤ ሰጠኝ። በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ መዝገብ ቤት ወረደ። ያቺን ያልፈረምኳትን ወረቀት ይዟል። ፊቱ ፈገግታ ብቻ ነው። "በቃ አለቀ፣ ይህንን እዚሁ ፊትሽ ልቅደደውና ያለፈው አለፈ እንበል" አለኝ። ሁለት እጁን ወረቀቱ ጫፍ ላይ አድርጓል።

"አይቀደድም" አልኩት።

"ላንቺው ብዬ እኮ ነው።"

"ቁጥር ወጥቶለታል። ቁጥር የወጣለት ወረቀት እዚህ ቤት አይቀደድም።"

እትዬ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ከዚህ ክፍል አንድ ወረቀት ጠፍቶ አያውቅም። ጥሩውም መጥፎውም በተራው ይቀመጣል። ያንን ብቀድ ነገ የሚመጣ ሰው ምንም እንዳልተደረገብኝ ነው የሚያነበው። ስለዚህ ከእጁ ተቀበልኩትና የራሴን ፋይል አወጣሁ፤ የሠራተኞች ፋይልም እኔው ዘንድ ነው፣ ረስቶት ይሆናል። እያየኝ በቅደም ተከተል አሰርኩት። መጀመሪያ ማስጠንቀቂያው፣ የፊርማው ቦታ ባዶ እንደሆነ። ቀጥሎ ቃለ ጉባኤው፣ "ቁልፉ ጠፍቷል" ከሚለው ጋር። ከዚያ የቧንቧ ሠራተኛው የጻፈው። መጨረሻ ገጽ ላይ አሥራ ሁለተኛዋን፣ ያቺን ክዳኑ ላይ የተንጠለጠለችውን፣ በእስክሪብቶ ቀፎ አድርጌ በክር ሰፋኋት። ከሥሯ የት፣ መቼ፣ ምን ላይ፣ ማን እንዳገኛት ጻፍኩ። ሰውዬው አንዴ ፋይሉን አንዴ እኔን አየና ወጣ። ደረጃው ላይ ዳቦዬን ስበላ ሲያልፍ አሁን ሰላም የሚለኝ እሱ ነው፣ ያውም ቀድሞ።

እንግዲህ ስለ ወረቀቷ። "አንዲት የቢሮ ሠራተኛ" የሚባል ሰው አላውቅም፣ እኛ ቢሮ አልተቀጠረችም። ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ ጻፊው። ከሥሩ "የመዝገብ ቤት ኃላፊ" በዪ። ቦታው ላይ ደግሞ "ከሥራ አስኪያጁ መታጠቢያ ቤት ሥር" ይባልልኝ፣ ከወደቡና ከደሴቱ ጋር እኩል ይቀመጥ።

ወረቀቷ ጠባብ ናት እንዳትዪኝ። ፊደሉን አሳንሺው፤ አሁንማ ታያለሽ።

ሬዲዮሽ